በአማርኛ ጆሮ ዐረብኛ፦ ከዜሮ ለምትነሱ

ጅዳ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከምኖርበት ቤት ሥር ካለች ትንሽ ሱቅ ቲማቲም ልገዛ ወረድኩ። ባለሱቁ መዘነና «ኸምሳ» አለኝ። ሃምሳ ሪያል አውጥቼ ሰጠሁት። ገንዘቡን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ አርባ አምስት ሪያል ቆጥሮ መለሰልኝና አምስት ጣቱን ዘርግቶ አሳየኝ። «ኸምሳ» ማለት አምስት ነው።

ማታ ቁጥሮቹን ደብተሬ ላይ ደረደርኳቸው። ተላታ ሠላሳ አይደለም፣ ሦስት ነው። አርባዓ አርባ አይደለም፣ አራት ነው። ሰብዓ ሰባት፣ ተማንያ ስምንት። ለአማርኛ ጆሮ ሁሉም በአሥር ተባዝቶ ይሰማል። ያን ማታ አንድ ነገር ገባኝ። ያሳሳተኝ ቋንቋው ባዕድ ስለሆነ አይደለም። ዘመድ ስለሆነ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። ገበያ ላይ ያሉት የዐረብኛ መማሪያዎች አብዛኞቹ የተዘጋጁት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ማሠልጠኛ ተቋም ዐረብኛን በጣም ከባድ ከሚላቸው ቋንቋዎች ተርታ መድቦ 88 ሳምንት፣ 2200 የክፍል ሰዓት ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ገና ሳይጀምር ልቡ ይወድቃል። ቁጥሩ ግን የተሰላው እንግሊዝኛ ተናግረው ላደጉ ሰዎች ነው። እነሱ «አንተ»ን እና «አንቺ»ን መለየት ራሱ አዲስ ነገር ይሆንባቸዋል። እናንተ ይህን ከእናታችሁ ጉያ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት።

መጀመሪያ የትኛውን ዐረብኛ እንደምትማሩ ወስኑ

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዐረብኛ አንድ ስም ይኑረው እንጂ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ፉስሓ ነው። የመጽሐፍ፣ የዜና፣ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፣ በየሀገሩ አንድ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ዓሚያ ይባላል። ሰው ቤቱ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ የሚናገረው ነው። እሱ እንደየሀገሩ ይለያያል።

ቡናን ውሰዱ። በፉስሓ ቀህዋ ነው። ጅዳ ላይ ገህዋ ይሉታል። ቤሩት ላይ «ቀ»ውን ውጠው አህዌ ይላሉ። «እፈልጋለሁ» ደግሞ በፉስሓ ኡሪድ፣ ጅዳ ላይ አብጋ፣ ቤሩት ላይ ቢዲ ነው። ካይሮ ላይ ወንድ ከሆነ ዓዊዝ፣ ሴት ከሆነች ዓውዛ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ለሥራ ወይም ለኑሮ የምትሄዱ ከሆነ፣ የምትሄዱበትን ሀገር ዓሚያ ቀድማችሁ ያዙ። ለማንበብ፣ ለሃይማኖት ትምህርት ወይም ለዩኒቨርሲቲ ከሆነ ፉስሓን ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሁለቱን አትቀላቅሉ። እኔ ከመሄዴ በፊት አንድ ማሠልጠኛ ገብቼ ለሁለት ወር ፉስሓ ብቻ አስተምረውኛል። ጅዳ ስደርስ የምናገረውን ይረዱኛል፣ የሚመልሱልኝን ግን እኔ አልሰማም። ያ በጣም ያደክማል። የት እንደምትሄዱ ካወቃችሁ፣ አስተማሪያችሁን በግልጽ «የዚያን ሀገር ንግግር አስተምሩኝ» በሉት።

ከዚህ በታች የምሰጣቸው የንግግር ምሳሌዎች የጅዳ ናቸው። የምኖርበት ስለነበር በእሱ እርግጠኛ ነኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ጉሮሮ

ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊት ጆሯችሁንና ጉሮሯችሁን አሠልጥኑ። ልጆች ሳለን «ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ» ብለን ተምረናል። አማርኛ ላይ ሦስቱም አንድ ድምፅ ስለሆኑ ለምን እንደተለያዩ አይገባንም ነበር። ዐረብኛ ላይ ሦስቱም በሕይወት አሉ።

ሐን ለማውጣት በብርድ ጊዜ እጃችሁን በትንፋሽ ስታሞቁ የምታሰሙትን ድምፅ አስቡ። ከጉሮሮ ሥር የሚመጣ፣ ንጹሕ ትንፋሽ ነው። ኀ ወይም ኸ ደግሞ አክታ ለመጥረግ ስትሉ የምትፍቁት ቦታ ላይ ነው። ዐ ከሁሉም ትከብዳለች። ጉሮሮ ጠበብ ብሎ ይያዝና ድምፁ በዚያ ይጨመቃል። ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ካላችሁ «ዓይኒ» እና «ሓሙስ» በልልኝ በሉትና አፉን እያያችሁ አስመስሉ። ሶማልኛና አፋርኛ ተናጋሪም ሁለቱን ድምፆች ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። አንድ ጎረቤት ከአሥር ቪዲዮ ይበልጣል።

«አብጋ» ውስጥ ያለችው ገ የእኛ ገ አይደለችም። ውሃ ጉሮሯችሁ ላይ ይዛችሁ ስትጉመጠመጡ የሚሰማው ነው። እውነትም ውሃ ይዛችሁ ሞክሩት፣ ቶሎ ይመጣል።

አሁን ደግሞ የምሥራቹ። ማጥበቅና ማላላት እኛ ዘንድ የታወቀ ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ነው። ዐረብኛም እንዲሁ ነው። ሐማም ላልቶ ርግብ ነው። መካከሉ ሲጠብቅ መታጠቢያ ቤት ነው። ፈረንጅ ተማሪ በዚህ ወራት ይቸገራል፣ እናንተ በአንድ ቀን ትይዙታላችሁ። በፉስሓ ቀልብ ልብ ሲሆን ከልብ ውሻ ነው። ቀ እና ከ ለሚለይ ጆሮ ይህ ምንም አይደለም።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፣ የአናባቢ መርዘምና ማጠር። ጀመል ግመል ነው፣ ጀማል ውበት ነው። እዚህ ላይ ግዕዝና ራብዕ ያግዙናል። ኢ እና ኡ ሲረዝሙ ግን ፊደላችን አያሳይም። ስለዚህ ሲረዝም ከላዩ ትንሽ ጭረት አድርጉበት።

በነገራችን ላይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ዐረብኛውን በራሳችን ፊደል መጻፍ ነውር አይደለም። ከላቲኑ በጣም ይሻላል። ሐም፣ ኸም፣ ዐም አለን። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ግን ተዉት፣ አለዚያ ከምርኩዙ አትላቀቁም።

ፊደሉ፦ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል

የዐረብኛ ፊደል 28 ነው። 231 ፊደል በዓይኑ የለየ ሰው 28 ሊያስፈራው አይገባም። እንዲያውም ብዙዎቹ በነጥብ ብቻ ነው የሚለያዩት። ባ፣ ታ እና ሣ አንድ ቅርጽ ናቸው። ባ ከሥር አንድ ነጥብ፣ ታ ከላይ ሁለት፣ ሣ ከላይ ሦስት። ጂም፣ ሓ እና ኻም እንዲሁ። ቅርጹን አንዴ ያዙ፣ ከዚያ ነጥቡን ቁጠሩ።

የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። አንድ ፊደል ቃል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ ሲሆን ቅርጹ ይቀየራል። ስድስት ፊደሎች ግን በግራቸው ካለው ጋር አይያያዙም፦ አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ፣ ዋው። እነዚህን ስድስቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ቃል መካከል ክፍተት ሲያጋጥማችሁ የነሱ ሥራ ነው።

አጫጭሮቹ አናባቢዎች አይጻፉም። ይህ መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ግን የእኛም ጽሕፈት ጥንት እንደዚያ ነበር። የግእዝ ድንጋይ ጽሑፎች አናባቢ የያዙት በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት አንባቢው ከዐውዱ ነበር የሚሞላው። ዐረብ አሁንም እንደዚያው ያነባል። መጀመሪያ አናባቢ ምልክት ያላቸውን የሕፃናት ጽሑፎች አንብቡ። ቁርኣን ቤት የቀራችሁ ደግሞ ይህን ክፍል ዝለሉት፣ ፊደሉ አላችሁ። የጎደላችሁ ትርጉሙ ብቻ ነው።

ልምምዱን ከስማችሁ ጀምሩ። የራሳችሁን፣ የእናታችሁን፣ የልጆቻችሁን ስም ጻፉ። ቀጥሎ ከዐረብ ሀገር የመጣ የወተት ካርቶን ወይም የቴምር ማሸጊያ ፈልጉ። ካርቶኑ ላይ «ሐሊብ» የሚል ታገኛላችሁ። ሐሊብ ወተት ነው፣ በግእዝም ሐሊብ ነው። እኛ «አለበ» የምንለው ከዚያው ሥር ነው። እንዲህ ያለ ቃል በራሳችሁ ዓይን ስታነቡ የሚሰጠው ደስታ ለሚቀጥለው ሳምንት ስንቅ ይሆናል።

ቁጥሩንም አትርሱ። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ሱቅና ዋጋ ላይ የሚጻፉት አኃዞች ከለመድናቸው ይለያሉ። ክብ ካያችሁ አምስት ነው። ዜሮ ነጥብ ናት። የእኛን 7 የሚመስለው ስድስት ነው። ገንዘብ የምታወጡት በእነዚህ ስለሆነ በአንድ ቀን ጨርሷቸው።

ቃል፦ ከቤት ያለውን ቀድማችሁ ሰብስቡ

አንድ ደብተር ግዙ። ደብተር ራሱ የዐረብኛ ቃል ነው፣ ደፍተር ይሉታል። ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በአንደኛው ወገን «ዘመድ»፣ በሌላው «አሳሳች» ብላችሁ ጻፉ።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። በይት ቤት፣ ራስ ራስ፣ ዐይን ዓይን፣ ደም ደም፣ ኢስም ስም፣ ሊሳን ልሳን፣ ነፍስ ነፍስ። ደቂቃ፣ ሂሳብ፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ሻይ ስትሉም ዐረብ ሳይቸገር ይሰማችኋል። ቀኖቹን እዩ። እሑድ አሐድ ነው፣ ረቡዕ አርቢዓ፣ ሐሙስ ኸሚስ። ሰኞ የመጣው ከግእዙ ሰኑይ ነው፣ ሁለተኛ ማለት ነው። ዐረብም ሰኞን «ኢትነይን» ይለዋል፣ ሁለት ብሎ።

ድምፅ የሚቀየርበትን መንገድ ካወቃችሁ ዘመድ ታበዛላችሁ። የእነሱ ጀ ብዙ ጊዜ የእኛ ገ ነው፦ ጀመል ግመል፣ ሰጀደ ሰገደ፣ መስጂድ መስጊድ። የእነሱ ሸ የእኛ ሰ ሊሆን ይችላል፦ ዐሽራ ዐሥር፣ ሸይጧን ሰይጣን። የቄስ ትምህርት ያላችሁ ደግሞ ከሁላችንም ትቀድማላችሁ። «ፈትሐ» በግእዝ ፈታ፣ ከፈተ ነው። ጅዳ ላይ በሩን ክፈት ለማለት «ኢፍተሕ አልባብ» ይባላል።

አሳሳቾቹን ግን በቀይ ጻፉ። ቀለም ስክሪብቶ ነው። ኪስ ከረጢት ነው፣ ሱቅ ላይ «ኪስ?» ካሏችሁ ፌስታል ትፈልጋላችሁ ወይ ማለታቸው ነው። ሱቅ ገበያ ነው። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ደግሞ ከአሥር እጥፎቻቸው ጋር አጣምሩ፦ አርባዓ አራት፣ አርበዒን አርባ። ኸምሳ አምስት፣ ኸምሲን ሃምሳ። ጫፉ ላይ «ኢን» ካልሰማችሁ ትልቁን ገንዘብ አታውጡ።

ሰዓትንም እዚሁ ገጽ ላይ ጻፉ። ስሙ ሳዓ ነው፣ ዘመድ ነው፣ አቆጣጠሩ ግን የእኛ አይደለም። «ሰብዓ የጠዋት» ሲሉ የእኛ አንድ ሰዓት ነው። ስድስት ቀንሱ።

ቃሉ እንዳያመልጥ

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የተማርነው ነገር በብዛት የሚጠፋው ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ዋናው ነገር በአንድ ቀን ብዙ መሸምደድ አይደለም። ሊጠፋ ሲል መመለስ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ካርቶን በትንንሹ ቁረጡና ሦስት ፖስታ አዘጋጁ። በየቀኑ አምስት አዲስ ካርድ ጻፉ። በአንድ ፊት አማርኛው፣ በሌላው ዐረብኛው። ነጠላ ቃል አትጻፉ፣ የምትናገሩትን ዐረፍተ ነገር ጻፉ። «ውሃ» ሳይሆን «ውሃ እፈልጋለሁ»፣ ከጀርባው «አብጋ ሞያ»። አማርኛውን አይታችሁ ዐረብኛውን ድምፅ አውጥታችሁ በሉ። ከመለሳችሁት ወደ ሁለተኛው ፖስታ ይለፍ፣ ካልመለሳችሁት አንደኛው ውስጥ ይቅር። የመጀመሪያው ፖስታ በየቀኑ ይታያል፣ ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ። የትኛውም ካርድ ከጠፋባችሁ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስልክ የሚመቻችሁ አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ይህንኑ ይሠራላችኋል። እኔ ግን ካርቶኑን እመርጣለሁ፣ በእጅ የተጻፈ ቃል ይበልጥ ያዘኝ።

ሰዋስው፦ ያላችሁን ማየት ብቻ

አማርኛ ላይ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ መስበሪያ እንላለን። ሦስት ፊደል ሥር ነው፣ ዙሪያው ይለዋወጣል። ዐረብኛም በዚሁ ነው የሚቆመው። ከ ተ በ የመጻፍ ሥር ነው። ኪታብ መጽሐፍ፣ ካቲብ ጸሐፊ፣ መክቱብ የተጻፈ፣ መክተብ ቢሮ። ክታብና ክትባትን አስቡ። ፊታቸው ላይ «መ» ያላቸው ብዙ ቃላት ቦታ ናቸው፦ መጥበኽ ማብሰያ ቤት፣ መድረሳ ትምህርት ቤት።

ግሡም እንግዳ አይደለም። እሱ ይጽፋል የክቱብ፣ እሷ ትጽፋለች ተክቱብ፣ እኔ እጽፋለሁ አክቱብ፣ እኛ እንጽፋለን ነክቱብ። የ፣ ተ፣ አ፣ ነ። የእኛ ይ፣ ት፣ እ፣ እን።

ለሴት ማዘዝን ያስተማሩኝ ጅዳ ውስጥ የኖርኩበት ቤት አሮጊት እናት ናቸው። «ኻላ» ብዬ ነበር የምጠራቸው፣ እንደ እኛ አክስት ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ሄል የበዛበት ነጣ ያለ ገህዋቸውን ሲያፈሉ አጠገባቸው ያስቀምጡኝ ነበር። ዕቃውን በጣታቸው እየነኩ «ደላ» ይላሉ፣ ጀበናውን ነው። እኔ እደግማለሁ። ከዚያ «ጂቢ አልደላ» ይሉኛል፣ ደላውን አምጪ። ሄጄ ካመጣሁ ትክክል ሰምቻለሁ ማለት ነው። ጂቢ አምጪ፣ ኹዲ ውሰጂ፣ ተዓሊ ነዪ፣ ሩሒ ሂጂ። ለወንድ ሲሆን ጂብ፣ ኹድ፣ ተዓል፣ ሩሕ። ሂድ ሂጂ እንደማለት ነው። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለች «ኢ» ሴቷን ትጠራለች። እሳቸው ሰዋስው አላስተማሩኝም፣ ግን በእጅ የተያዘ ነገር አብሮት ያለውን ቃል ይዞ ይቀራል። ቤታችሁ ውስጥም ይህን አድርጉ። አንዱ ይዘዝ፣ ሌላው ይነሳና ያምጣ።

እርስዎ የሚባል ነገር ግን በዕለት ንግግር አታገኙም። ትልቅ ሰውንም ኢንተ፣ ኢንቲ ነው። ክብሩ የሚገባው በመጠሪያው ነው፣ ኻላ፣ ዐሚ በማለት። አንድ ለውጥ ደግሞ ልብ በሉ፣ ቅጽል ከስም በኋላ ይመጣል። ትልቅ ቤት «በይት ከቢር» ነው፣ ቤት ትልቅ።

ከሁሉም በፊት በቃል የሚያዙ

ለሥራ የምትሄዱ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን ክፍል አደራ። ከሰላምታ ቀድሞ የሚጠብቃችሁ ቃል ይኑራችሁ። ጀዋዝ ፓስፖርት ነው። ዐቅድ ውል ነው። ራቲብ ደመወዝ ነው። ሙስተሽፋ ሆስፒታል፣ ሲፋራ ኤምባሲ፣ ቁንሱሊያ ቆንስላ። «አና ተዕባና» አሞኛል፣ ደክሞኛል፤ ወንድ ከሆነ «ተዕባን»። «አብጋ አከሊም አህሊ» ቤተሰቤን ማነጋገር እፈልጋለሁ።

ንግግር ሲያመልጣችሁ ዝም አትበሉ፣ ራሳችሁንም አትነቅንቁ። ያልገባችሁን «እሺ» ማለት ጣጣ ያመጣል። «ማ ፈሂምት» አልገባኝም። «ሽወይ ሽወይ» ቀስ በል። «መራ ታንያ» እንደገና። «ኤሽ ሀዳ?» ይህ ምንድን ነው? እነዚህ አራቱ ካሏችሁ ሰው ሁሉ አስተማሪያችሁ ይሆናል።

ጆሮና አፍ

በቀን አርባ ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው፣ ግን በየቀኑ ይሁን። ጠዋት አሥር ደቂቃ ካርድ። ማታ ደግሞ የሰላሳ ሴኮንድ ድምፅ ምረጡና አምስት ጊዜ ስሙ፣ ከዚያ ከተናጋሪው እኩል እየተከተላችሁ በሉት። ፉስሓ የምትማሩ ስፔስቱን የሚባለው የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያሳያቸውን ወደ ዐረብኛ የተመለሱ ካርቶን ፊልሞች እዩ፣ ንግግራቸው ጥርት ያለ ነው። አልጀዚራም በነፃ የሚያስተምርበት ድረ ገጽ አለው። ዓሚያ የምትማሩ እዚያ ሀገር ያለ ዘመድ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ጽሑፍ አይደለም፣ ድምፅ ይላክ። እናንተም በድምፅ መልሱ።

ከዐረብ ሀገር የተመለሰ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቡና ጥሩት ወይም ጥሯት። አቦሉን በአማርኛ ጠጡ። ቶና ላይ ዐረብኛውን ጣል ጣል አድርጉ። በረካ ላይ አማርኛ ይከልከል። በረካ ራሱ ቃሉ የእነሱ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ «ገህዋ» ብላችሁ ሲኒውን ብትቀበሉና ስማችሁን በ«ኢስሚ» ብትናገሩ በቂ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የቤቱን ዕቃ በ«ኤሽ ሀዳ» እየጠየቃችሁ ዙሩ። በአራተኛው ሳምንት የዕለቱን ወጪ በዐረብኛ ቁጥር ተናገሩ፣ ቲማቲም ስንት፣ ሽንኩርት ስንት። የሚያርማችሁ ሰው «ኸምሳ» ስትሉ ጣቱን ዘርግቶ ይቁጠር።